«አታስወርጂ» ካልን በኋላ ያለው ሥራ

በማህፀን ያለ ልጅ ሰው ነው ብለን የምናምን ሰዎች እምነታችንን ለመናገር አንቸገርም። የምንቸገረው ከንግግሩ ቀጥሎ ባለው ሥራ ነው። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ወር አበባዋ ቀርቶባት፣ ወንዱ ስልኩን ዘግቶባት፣ ቤተሰቦቿ ቢሰሙ እንደሚያባርሯት እያወቀች «ምን ላድርግ?» ስትል «ኃጢአት ነው፣ ተዪው» የሚለው መልስ ማደሪያ አይሆናትም። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለች ልጅ ለምትመጣባቸው ሰዎች ነው፤ ለእናት፣ ለአክስት፣ ለታላቅ እኅት፣ ለንስሐ አባት፣ ለኡስታዝ፣ ለፓስተር፣ ለጓደኛ። በስንተኛው ሳምንት ምን እንደሚደረግ፣ የት እንደሚኬድ፣ የትኛው ወረቀት እንደሚያዝ ማወቅ ከስብከት ይልቅ ብዙ ልጅ ያድናል።

ለምን ይህን ያህል እንደሚደከም በአጭሩ ልበል። ፅንሱ ከተፀነሰበት ሰዓት ጀምሮ ከእናቱም ከአባቱም የተለየ የራሱ የዘር መለያ አለው፤ ወንድ ይሁን ሴት ያኔውኑ ተወስኗል። ልቡ መምታት የሚጀምረው ከተፀነሰ በ22 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙዋ ሴት ገና «ዘገየብኝ» እያለች በምትጠራጠርበት ሰሞን። በ12ኛው ሳምንት (ከመጨረሻው ወር አበባ ሲቆጠር) ቁመቱ ከራሱ እስከ መቀመጫው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጣቶቹ ግን ተለያይተዋል፣ እጅ እግሩን ያንቀሳቅሳል። እናቱ እንቅስቃሴውን የምታውቀው የመጀመሪያዋ ከሆነ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ እሱ ግን ከዚያ ሳምንታት ቀድሞ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል።

የሀገራችን ሕግም ለዚህ ልጅ ፈጽሞ ዕውቅና አይነፍግም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2፣ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ ሁሉ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ ቅድመ ሁኔታው በሕይወት ተወልዶ መኖር መቻሉ ነው። አባቱ እናቱ እርጉዝ ሳለች ቢሞት የውርስ ድርሻው የሚጠበቅለት በዚህ ነው። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ፅንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፦ እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ ጋር ከተደረገ ግንኙነት የመጣ ከሆነ፣ የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ከሆነ፣ ልጁ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ካለው፣ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜ ማነስ ልጁን ለማሳደግ ካልበቃች። ለመደፈሩ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ ነው። እኔ በዚህ ዝርዝር ሁሉ አልስማማም። የእናት ነፍስ በሚጠፋበት ጊዜ ሐኪም ያለው ግዴታ ሌላ ነው፤ የአካል ጉድለት ያለበትን ልጅ ግን «መወለድ የለበትም» ማለት በመካከላችን በዊልቸር ለሚሄደው፣ በምልክት ቋንቋ ለሚያወራው ሰው የምናስተላልፈው መልእክት ከባድ ነው። ይሁንና ሕጉ የሚለውን በትክክል ማወቅ አለብን፤ ያልሆነ ነገር ብለን የምናስፈራራት ልጅ በሁለተኛው ቀን አታምነንም።

የመጀመሪያው ሥራ ቀኑን ማወቅ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው የሽንት መመርመሪያ ወር አበባ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ይሠራል፤ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል። ውጤቱ እርግዝና የለም ብሎ ወር አበባው አሁንም ካልመጣ በሳምንቱ ይደገማል። ከ7ኛው ወይም ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ አልትራሳውንድ የልብ ምቱን ያሳያል፣ ዕድሜውንም በቀናት ልዩነት ይናገራል። እግረ መንገዱን አንድ ትልቅ ነገር ያረጋግጣል፤ እርግዝናው በማህፀን ውስጥ መሆኑን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንድ ጎን የሚወጋ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ ራስን መሳት ወይም ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ካለ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ የማይባል ነው፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል። እንዲህ ያለ ፅንስ ሊያድግ አይችልም፣ እናቲቱን ግን በውስጥ ደም መፍሰስ ይገድላታል፤ ሕክምናውን «ውርጃ ነው» ብሎ የሚከለክል ሰው ካለ በማያውቀው ነገር ነፍስ እያጠፋ ነው።

የመውለጃ ቀኗን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ማስላት ቀላል ነው። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ፣ የመጨረሻው ወር አበባ ከጀመረበት ቀን 9 ወር ከ10 ቀን መቁጠር ነው፤ 280 ቀን ይሞላል። ጥቅምት 5 ከነበረ ሐምሌ 15። ቆጠራው ጳጉሜን ካቋረጠ 5 ቀን (ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 6 ቀን) ይቀነሳል፤ ታኅሣሥ 5 ከነበረ መስከረም 15 ሳይሆን መስከረም 10 ይሆናል። ሐኪሞች በፈረንጆቹ ስለሚጽፉ እናቲቱ በአበሻው ስለምትቆጥር በካርዱ ላይ ቀን የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። በሁለቱም አጽፉላት። ቀኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ድንጋጤ ውስጥ ያለች ልጅ ጊዜ የሌላት ይመስላታል። ቀኑ ሲጻፍላት ከፊቷ ያለው ሊቆጠር የሚችል ወር መሆኑን ታያለች።

ክትትሉ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ የእርግዝና ክትትል፣ ማዋለድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት። ይህን የማያውቁ ብዙ ወጣቶች ገንዘብ ስለሌላቸው ብቻ እስከ ስድስተኛው ወር ይደበቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን ነው፤ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40ኛው ሳምንት። በመጀመሪያው ቀን የደም ዓይነት፣ የደም ማነስ፣ የኤች አይ ቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረጋል። የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን በየቀኑ ይወሰዳል፤ ሰገራ ያጠቁራል፣ አያስፈራም። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይሆንም፤ ሰውነት አይረኑን እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ይኑር።

ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። በዚህ ዕድሜ የደም ግፊትና የተራዘመ ምጥ በብዛት ይታያል፤ በምጥ ብዛት የሚመጣው ፊስቱላ የሚጎዳው ከሁሉ በላይ እነዚህን ልጆች ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ደም፣ ወይም ከምጥ በፊት የፈሰሰ ውኃ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። ገጠር ከሆነች ደግሞ ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ስላላቸው ቀኗ ሲቃረብ እዚያው ትቀመጥ።

አሁን ወደ ወንዱ እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ ጽንስ የሚያስወርደው የእሱ መጥፋት ነውና። «አላውቃትም» ማለት በሕግ ፊት የነገሩ መጨረሻ አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 143 ፍርድ ቤት አባትነትን የሚያውጅባቸውን ምክንያቶች አስቀምጧል። በፀነሰችበት ጊዜ ጠልፏት ወይም ደፍሯት ከሆነ፤ አታሏት ከሆነ፣ ለምሳሌ በሥልጣኑ ተጠቅሞ ወይም አገባሻለሁ ብሎ ተስፋ ሰጥቷት፤ አባትነቱን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ካለ፤ ያለ ጋብቻም ቢሆን አብረው በቀጣይነት ኖረው ከሆነ፤ ወይም እንደ አባት ሆኖ በልጁ ማሳደግና ቀለብ ተሳትፎ ከሆነ። ስለዚህ የቴሌግራም መልእክቱ አይጥፋ፣ የላከው ገንዘብ የባንክ ደረሰኝ አይጣል፣ አብረው የተከራዩበት ቤት አከራይ ስም ይያዝ። ተናድዳ ሁሉን የምታጠፋ ልጅ ብዙ ናት፤ በመጀመሪያው ሳምንት «አታጥፊው» ያላት ሰው ከዓመት በኋላ ቀለብ አስገኝቷል። የሕግ ጠበቃ መክፈል ለማትችል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ ምክርና ድጋፍ ይሰጣል። ወንዱ አምኖ በጽሑፍ ከተቀበለ ደግሞ መልካም፤ የእሱ ማመን የሚጸናው ግን እናቲቱ ስትቀበለው ነው። አዋጁ የፌዴራል ነው፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል ያላችሁ አንቀጹን እዚያው ጠይቁ።

ተቀጣሪ ከሆነች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣታል፤ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች እስከ 4 ወር ድረስም ከእርግዝናዋና ከወሊዷ ጋር ባልተያያዘ ሕጋዊ ምክንያት ካልሆነ በቀር አሠሪዋ ሊያሰናብታት አይችልም። ተማሪ ከሆነች ዝም ብላ ከግቢ እንዳትወጣ። ሬጅስትራር ሄዳ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልታ፣ ክሊራንስ (ከግቢው ዕዳ ነፃ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት) ጨርሳ፣ ወረቀቱን ይዛ ትውጣ፤ ያለዚህ የወጣች ለመመለስ ስትጠይቅ የሚገጥማት እንግልት ብዙዎችን ከነጭራሹ አስቀርቷል።

የቤት ሠራተኛዋ ግን ከዚህ ሁሉ ጥበቃ ውጭ ናት። አዋጁ በግለሰብ ቤት የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። ስለዚህ ሆዷ በታየበት ቀን ሻንጣዋ በር ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ያስረገዛት የዚያው ቤት ልጅ ሆኖ ሳለ። እሑድ እሑድ ስለ ፅንስ ክቡርነት ሰምቶ ሰኞ ሠራተኛውን በእርግዝና የሚያባርር ቤት፣ ለዚያ ልጅ መጥፋት ከአስወራጁ ያነሰ ድርሻ የለውም። እንዲህ ያለች ልጅ ቤታችሁ ካለች የሚበቃው ይህ ነው፦ ከወለደች በኋላም ቢሆን ሥራዋ እንደሚቆያት በግልጽ ንገሯት፤ ከባድ ውኃ መሸከሙንና ልብስ ማጠቡን ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ሌላ ሰው ያግዛት፤ ለክትትል ግማሽ ቀን ፈቃድ ስጧት፤ ስትወልድ ቢያንስ አርባ ቀን ትረፍ። አቅም ከሌላችሁ ሌላ ቤት ፈልጋችሁ እጅ በእጅ አስረክቡ።

በዓረብ ሀገር ያሉት የባሰ ነው። በሳዑዲም ሆነ በኩዌት ያለ ጋብቻ ማርገዝ እስር የሚያመጣ ጉዳይ ስለሆነ ብዙዎች ሐኪም ቤት አይሄዱም፤ ልጁም ያለ ልደት ወረቀት ይቀራል። በተቻለ መጠን እርግዝናው ሳይገፋ፣ ለመብረር ሳይከለከሉ ወደ ቤት መመለስ ይሻላል፤ ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ከሆነ ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፋንታ የሚሠራ የመመለሻ ሰነድ) ይሰጣል። ልጁ እዚያ ከተወለደ የሆስፒታሉ ማንኛውም ወረቀት፣ የእጅ አምባር መለያም ቢሆን፣ ይጠበቅ። እናትነቷን የምታስረዳው በዚያ ነው።

የተደፈረች ወይም ተደፍራ ያረገዘች ልጅ ስትመጣ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ጆሯችንን እንክፈት። ከተደፈረች 72 ሰዓት ካላለፈ በመጀመሪያ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ነው፤ ዛሬውኑ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናውን፣ የፖሊስ ቃል አቀባበሉንና የሥነ ልቦና ድጋፉን በአንድ ቦታ ይሰጣል። ወደ ቤት መመለስ ለማትችል የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው። ልጁ የአባቱን ወንጀል አልሠራም፤ በዚህ አምናለሁ፣ ሲነገርም ደስ ይለኛል። ግን ይህን ቃል ለመናገር መብት ያለው ከእሷ ጋር ፖሊስ ጣቢያ የተቀመጠ፣ በሌሊት ስልኳን ያነሳ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ በፊት ያስወረደች ሴትስ? ስለ ጸጸት በምንናገርበት ጊዜ እውነቱን እንናገር። ያስወረደች ሁሉ ዕድሜ ልኳን ትሠቃያለች ማለት ትክክል አይደለም፤ እፎይ አልኩ የሚሉ አሉ፣ በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶችም ብዙዎቹ ውሳኔያችን ልክ ነበር ብለዋል። ልጁ ሰው ነው ማለታችን በእናቲቱ ስሜት ላይ አልቆመም፤ ስሜቷ ምንም ቢሆን እሱ ያው ነው። የሚጸጸቱት ግን አሉ፣ ብዙም ናቸው፣ የሚያናግራቸውም የለም። ጸጸቱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል። የመውለጃዋ ቀን ይሆን በነበረው ወር ይመጣል፤ የጓደኛዋ ክርስትና ላይ ይመጣል፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ልጅ አርግዛ አልትራሳውንድ ስታይ ይመጣል። አራስ ጥየቃ መሸሽ፣ ያንን ሰፈር ዞሮ ማለፍ፣ ባልን ያለ ምክንያት መጥላት፣ «አምላክ ልጅ የከለከለኝ በዚያ ነው» ማለት የሚታዩ ምልክቶቹ ናቸው። ወንዶችም አላቸው፤ በተለይ ገንዘቡን ሰጥተው የላኩት። እነሱ ግን ሐዘን መሆኑን እንኳ አይለዩትም፣ በመጠጥና በቁጣ ይወጣል።

የሚረዳት አንድ የታመነ ሰው ነው። ሙሉውን ትንገረው፤ ከየት እንደጀመረ፣ ማን እንደገፋፋት፣ ያን ቀን ምን እንደለበሰች ሳይቀር። አያቋርጣት፣ «ያለፈው አልፏል» አይበላት። ኦርቶዶክስ ከሆነች ንስሐ አባቷ ጋ ትሂድ፣ ቀኖናዋን ተቀብላ ትፈጽም፤ ቀኖና መጨረሻ ያለው መሆኑ ትልቅ ጥቅሙ ነው፣ የፈጸመች ሴት እንደገና ራሷን የምትቀጣበት ምክንያት የላትም። የማልወደው ነገር አለ፦ ገና ቁስሏ ያልደረቀን ልጅ መድረክ ላይ አውጥቶ ማስመስከር። ለሰሚው ስብከት ይሆናል፣ ለእሷ ግን በሰፈሩ ሁሉ ስሟ ሆኖ ይቀራል። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ ድብርት ነው፤ ሐኪም ይፈልጋል። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ነውር አይደለም፣ ጸሎቱንም አያስቀርም። ራሷን ስለ ማጥፋት ካወራች ያን ሌሊት ብቻዋን አትደር።

የሰውነቷንም ጉዳይ አትርሱ። በቅርቡ ያስወረደች ልጅ በሰዓት ሁለት ትልልቅ ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓት ከፈሰሳት፣ ትኩሳቷ ከ38 ካለፈ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም የማያስቀምጥ የሆድ ሕመም ካላት ወዲያውኑ ጤና ተቋም ትሂድ። ምን እንደወሰደች፣ መቼ እንደወሰደች እውነቱን ለሐኪሙ ትንገር፤ የሐኪሙ ሥራ ማከም ነው። እንከሰሳለን ብለው ቤት ውስጥ የሞቱ አሉ። እሷን ማትረፍ ከእምነታችን ጋር አይጋጭም፤ ራሱ እምነታችን ነው።

የቀረው ማሳደግ የማትችለዋ እናት ጉዳይ ነው። ጉዲፈቻ በኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ ሙሉ የልጅነት መብት ያገኛል፤ በአማራውም የጡት ልጅ የሚባለው ወግ ነበር። አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ሁለት ልጆች ይዘው የመጡት በዚህ ሀገር ልማድ ላይ ቆመው ነው። ለረጅም ጊዜ ግን በብዛት ያሳደጉልን ፈረንጆች ነበሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ልጅ በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም ተፈረደባቸው። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ፓርላማው በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ ጉዲፈቻን አስቀረ። ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄው ወደ እኛ ዞሯል። ወይ እኛ እናሳድጋለን፣ ወይ ልጁ በማሳደጊያ ያድጋል።

እናቲቱ ማወቅ ያለባት፦ በቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ 213) አንቀጽ 187 መሠረት ገና ያልተወለደ ልጅ በጉዲፈቻ ሊሰጥ ይችላል፤ እናቲቱ ግን ከወለደች በኋላ በ6 ወር ውስጥ በራሷ ፈቃድ ብቻ ልትሽረው ትችላለች። ይህ የስድስት ወር መብት ውድ ነገር ነው። በወሊድ ማግስት፣ ጡቷ ሞልቶ፣ እንቅልፍ አጥታ የተሰጠ ፊርማ የረጋ ውሳኔ ላይሆን ይችላልና። የታወቀ አባት ካለ የእሱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደ ወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በሆስፒታሉ ወዳለው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ትሂድ። ደላላ አይግባ፤ ነርስም ትሁን ጎረቤት ገንዘብ ካነሳች ጉዳዩ የልጅ ሽያጭ ሆኗል። ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ደጅ መጣል ደግሞ ወንጀል ነው፣ በሌሊት ብርድም ይገድላል፤ ልጁ ቢተርፍ እንኳ ከየት እንደመጣ የሚነግረው ወረቀት የለውም። ለጊዜው ብቻ የተቸገረች ከሆነች የአደራ ቤተሰብ የሚባል አለ፤ ልጁን ለተወሰነ ጊዜ ይዘውላት በኋላ ትወስደዋለች። እኔ ከጉዲፈቻ በፊት ይህ እንዲታሰብ እመርጣለሁ።

አሳዳጊ ለመሆን ዕድሜ ቢያንስ 25 ዓመት ነው፤ ባልና ሚስት ከሆኑ የአንዳቸው መሙላት ይበቃል፣ ግን ሁለቱም አብረው መዋዋል አለባቸው። የራስ ልጅ መኖር አያግድም። ያላገባም ይችላል። የሚጠየቁት ወረቀቶች በአብዛኛው የነዋሪነት መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም የላጤነት ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ የአሻራ ማስረጃ ናቸው። ባለሙያ ቤት መጥቶ ያያል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። ከዚያ ውሉ ይፈረማል፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውሉ ባዶ ወረቀት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። «የዘመድ ልጅ ነው፣ ምን ፍርድ ቤት አስኬደን» ይላሉ፤ አሳዳጊው ሲሞት ወንድሞቹ መጥተው ልጁን ከቤት ያስወጡታል። ከጸደቀ ግን ለማንኛውም ጉዳይ እንደ ልጅ ይቆጠራል፣ ይወርሳል፤ ጉዲፈቻውም በዋዛ አይፈርስም። የአሳዳጊው ወላጆች ወይም የጎን ዘመዶች በግልጽ የተቃወሙ እንደሆነ በእነሱ ላይ ውጤት ስለማይኖረው፣ ቤተሰቡን አስቀድሞ ሰብስቦ መንገር ይበጃል።

ሆዷ ላይ ጨርቅ አስራ ያረገዘች መስላ፣ ልጁን እንደወለደችው አድርጋ የምታስመዘግብ ሴት አለች። ስሜቷ ይገባኛል፤ መካን መባልን የሚችለው የለም። ግን ሐሰተኛ የልደት ማስረጃ ወንጀል ነው፤ ሰፈሩም ቢያንስ አንድ የሚያውቅ ሰው አለው፣ ያ ሰው ደግሞ በጠብ ቀን ይናገራል። ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ልጁን በአባቱ ስም እየጠሩ፣ እንደ ልጃቸው ያሳድጉታል፤ በኑዛዜ እስከ ሀብታቸው ሲሶ ሊሰጡት ይችላሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የቤቱ እመቤት ወይም እኅቷ ካጠባችው የጡት ዝምድና ስለሚፈጠር በኋላ የሚመጣው የመገላለጥ ችግር ይቀላል፤ ዝርዝሩን ከኡስታዝ ጋር መመካከር ነው።

«እናቱ ኤች አይ ቪ ነበረባት» ተብለው የሚቀሩ ሕፃናት ያሳዝናሉ። እናቲቱ መድኃኒቷን በትክክል ከወሰደች አብዛኞቹ ልጆች ነፃ ናቸው። በስድስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው የደም ምርመራ ይደረጋል፣ በ18 ወሩ የመጨረሻው።

አራስ የተቀበለ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት የሚሳሳተው በወተቱ ነው። ከሳምንት በላይ የሆነው ሕፃን በቀን በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል። 3 ኪሎ ከሆነ 450 ሚሊ፤ በስምንት ጊዜ ሲካፈል በየሦስት ሰዓቱ ከ55 እስከ 60 ሚሊ ነው። በአብዛኞቹ የዱቄት ወተቶች አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ስለሆነ በቀን 15 ማንኪያ ይፈጃል፤ የ400 ግራሙ ቆርቆሮ 6 ቀን ገደማ ይቆያል። ዋጋው ሲከብድ ሰው ማንኪያውን ይቀንሳል፣ ውኃውን ያበዛል፤ ሕፃኑ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። ከመውሰዳችሁ በፊት የወር ወጪውን አስሉት፤ በመጀመሪያው ወር 5 ቆርቆሮ ነው፣ ሲያድግም ይጨምራል። ውኃው ይፈላና ከግማሽ ሰዓት ሳያልፍ፣ ገና ትኩስ ሳለ ዱቄቱ ይገባል፤ በኋላ ይቀዘቅዛል። ከጡጦ ይልቅ ሲኒ ይመረጣል፣ ለማጠብ ይቀላልና። የተረፈው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደፋል። የላም ወተት ዓመት ሳይሞላው አይሆንም፣ ቅቤ ማቅመስም ይቅር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው፤ ካርዱ ከወላጅ እናቱ ወይም ከማሳደጊያው አብሮ ይምጣ።

ልጁ እንዳልወለዳችሁት መቼ ይነገረው? ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት፣ ቀለል አድርጋችሁ፣ በተደጋጋሚ። በሦስት በአራት ዓመቱ «አንተን ሌላ እናት ወለደችህ፣ እኛ ደግሞ አሳደግንህ» ብትሉት ለእሱ እንደማንኛውም የቤት ወሬ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከጎረቤት ልጅ ከሰማው ግን የሚያመው መዋሸታችሁ ነው። የእናቱን ስም፣ የትውልድ ቦታውን፣ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቁጥርና ካለች አንዲት ፎቶ በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ ያዙለት። ሕጉም ከወለዱት ቤተሰቦች ጋር ያለውን ዝምድና አይቆርጥም። አንድ ቀን ይጠይቃል፤ የዚያን ቀን ፖስታውን ስጡት።